ጠባቧ ሌንስ

«ይሄ ደግሞ ሌንስ ነው ወይስ የቫዝሊን ክዳን?»

ወይዘሮ ሙቢና የልጃቸውን የአክመልን ድምፅ የሰሙት ሱብሒ ሰግደው መስገጃቸውን ሳያጥፉ ነው። የእሳቸውን ክፍል ከልጃቸውና ከምራታቸው ክፍል የሚለየው ቺፑድ ነውና፣ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው መስማት ባይፈልግም ይሰማል። አክመል አልጮኸም። እሱ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ የሞላ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያኖር ሰው። ፎቶ አንሺ የምትታየው በሌንሷ ነው አለ። ሠርግ ቤት ገብተሽ ይቺን ስታወጪ ይስቁብሻል አለ። ያንን ትልቁን ሌንስ የገዛሁልሽ በአቦምሳ ሙቀት ስነዳ ውዬ እያደርኩ ነው፣ አሁን እሱን ሰጥተሽ ይቺን ልትቀበዪ ነው ወይ አለ። ነቢላ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዛሬን ልሞክራት ነው ያልኩህ።» ከዚያ በኋላ ከቺፑዱ ወዲያ የሚሰማው የሻይ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ ማንኪያው መዞሩን አላቆመም።

ሙቢና ነገሩን በከፊል ያውቁታል። አዳማ ላይ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥ ኢርሻድ የሚባል ልጅ አለ። ትናንት ወደ በቆጂ ሲያልፍ ይቺን ትንሽ ሌንስ ለነቢላ ጥሎላት ሄደ። የታሰበው ልውውጥ ነው። ትልቁን ዙም የሚፈልግ ሰው አግኝቷል፤ ነቢላ ትንሿን ከወደደቻት ትልቁን ሰጥታ ታስቀራለች፣ ካልወደደቻት ደግሞ ዛሬ አመሻሹ ላይ ኢርሻድ ከበቆጂ ሲመለስ መናኸሪያ ሄዳ ትመልስለታለች። ኢርሻድ ጉዱን አልደበቀም። ይቺ ሌንስ ዙም የላትም፤ ሰውየውን ለማቅረብ ራስሽ ትቀርቢያለሽ፣ ለማራቅ ራስሽ ትርቂያለሽ ብሏታል። ብርሃን አጠጣጧ ግን ሌላ ነው፣ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ታነሣለች። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያንቺ ካሜራ ከትልልቆቹ ካሜራዎች ይልቅ ምስሉን ከዳር ከዳሩ ስለሚቆርጠው፣ ለሌላው ሰው ሰፋ ብላ የምትታየው ሌንስ ለአንቺ ትጠባለች። መስማማቷን የምታውቂው አንድ ሠርግ ስትሠሪባት ብቻ ነው አላት።

አክመል ሻዩን ሳይጨርስ ወደ እናቱ ክፍል መጣ። ነቢላን የምታጅባት የአክስቷ ልጅ ታማለች። የዛሬው ሠርግ ሁሩታ ነው፣ የሴቶቹን ወገን ብቻ ነው የምታነሣው፤ ብቻዋን ከምትሄድ እማ አብረሻት ብትሄጂ አላቸው። እሑድ ስለሆነ የሙቢና የሻሽና የሻርፕ ሱቅ ዝግ ነው። እሺ አሉ። አክመል ግን አልወጣም፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚኒባሱን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ፣ «ደግሞ እይልኝ» አለ። «ምኑን ልይልህ?» «ሰዎቹ ምን እንደሚሉ። እኔ እንደሆነ ሴቶች ቤት ገብቼ አላይም።» ሙቢና የልጃቸውን ፊት አዩት። የተቆጣ ሰው ፊት ብቻ አልነበረም፤ የሰጠው ስጦታ ሲመለስበት ያየ ሰው ፊት ነበር።

ሙቢና ምራታቸውን አይጠሏትም። እንዲያውም ለጎረቤት ሲያወሩ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ግን ምን ያውቁላታል ቢባሉ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ድምፅ የላትም። የምትሠራውን ቀስ ብላ ትሠራለች፣ ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያወሯት ትሰማለች። ካሜራዋን ይዛ ቅዳሜና እሑድ ወጣ ትላለች፣ ስትመለስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ታመሻለች። ሴቶች በሂጃብ በማይሸፈኑበት ግብዣ ላይ ወንድ ፎቶ አንሺ ስለማይገባ እሷን የሚፈልጓት ብዙ እንደሆኑ ሙቢና ያውቃሉ። ሥራው ምን እንደሚመስል ግን ጠይቀዋት አያውቁም፤ ሰው የገዛ ቤቱ መብራት ከየት እንደሚመጣ እንደማይጠይቅ ዓይነት።

ከአሰላ እስከ ኢተያ በሚኒባስ ሄዱ። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ እግሩ ብቻ ይታያል። የበልጉ ዝናብ ሳይታሰብ የገባበት ሰሞን ነበር፣ መንገዱ ዳርና ዳር ያለው የታረሰ መሬት ጠቁሯል። ሙቢና አጠገባቸው ከተቀመጠ ገበሬ ጋር የስንዴ ዋጋ አወሩ፤ ሰውየው ማዳበሪያው ሲወደድ ስንዴው አብሮ አይወደድም አለ፣ እሳቸውም ሻሹም እንደዚያው ነው አሉት። ነቢላ የካሜራ ሻንጣዋን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች። ከኢተያ ሁሩታ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ ሙቢና እንደዋዛ ሻንጣውን ልያዝልሽ አሏት። ሰጠቻቸው። ከበዳቸው። «የከበደው ምኑ ነው?» ሲሉ ትልቁ ሌንስ መሆኑን ነገረቻቸው። ትንሿስ አሏት። ከሻንጣው ኪስ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። እውነትም የቫዝሊን ክዳን ነው የምታክለው። ሙቢና ሌንሷን መለሱላት።

የሠርጉ ቤት የሚያኮራ ቤት ነበር። በረንዳው ሴራሚክ፣ መስኮቱ አልሙኒየም፣ በሩ ሁለት ተከፋች። ድንኳኑ ውጭ ለወንዶቹ ነው፤ ሴቶቹ ከኋላ ባለው ረጅምና ጠባብ ሳሎን ተሰብስበዋል። በሩ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመው የሚገባውን ሁሉ ስልክ እየተቀበሉ ቅርጫት ውስጥ ያኖራሉ። የሙሽራይቱ አጎት ነቢላን ግቢው ውስጥ ያዝ አድርጎ፣ ብዙ አትድከሚ፣ የወንዶቹን ሌላ ሰው በቪዲዮም እያነሣው ነው፣ የሴቶቹ ፎቶ እንደሆነ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማን ያየዋል አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያግዛት ያሰበ ነው የሚመስለው። ነቢላ «እሺ» ብላ አለፈች። ሙቢና ግን ቃሉ ጆሮአቸው ውስጥ ቀረ። እሳቸውም እስከ ዛሬ ጠዋት ቢጠየቁ ምናልባት ያንኑ ይሉ ነበር።

ነቢላ በትልቁ ሌንስ ጀመረች። ግቢው ውስጥ፣ ሙሽራይቱ ለሊሴ ከመኪና ወርዳ እስክትገባ፣ ነገሩ ሁሉ ሰመረላት፤ ሌንሱ ከሩቅ ይስባል፣ ከቅርብ ይሰፋል፣ ሴቶቹም ሲያዩት መንገድ ይለቃሉ። ችግሩ የመጣው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ዝናቡ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያሰማም፣ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ከሁለቱ መስኮቶች የሚገባው ግራጫ ብርሃን ብቻ ቀረ። ነቢላ ፍላሹን ከፈተች። በፈነጠቀ ቁጥር ትልልቆቹ ሴቶች በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፣ ድቤ የምትመታዋ ሴት እጇ ይሳሳታል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ያ ሁሉ ጭፈራ በየብልጭታው እየተቋረጠ ይሰበራል። በሩ ጥግ ሽንት ቤት ወደሚወስደው ኮሪደር አፍ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ሌንሱ ወደ እሷ ሲዞር «እኔን ተይኝ» ብላ ጭንቅላቷን ደፋች። ነቢላ ወዲያው ካሜራዋን ዝቅ አደረገች።

ለሙቢና ወንበር የተገኘላቸው ከዚያችው ሴት አጠገብ ነበር። ስሟን ጠየቋት፤ ሀጂራ አለች። የሙሽራይቱ ምኗ ነሽ አሏት። «እናቷ ነኝ» አለች። ሙቢና ሰፊ ዘመድ ያለበት ሠርግ ብዙ አይተዋል፤ የሙሽራ እናት በኮሪደር አፍ ስትቀመጥ ግን አላዩም። አልጠየቁም። ጭናቸው ላይ ያለውን ሻንጣ አስተካከሉ። ሀጂራ ቀስ እያለች ነገረቻቸው። ለሊሴ ገና ፊደል ሳትቆጥር ሀጂራ ለሰው ቤት ሥራ ሪያድ ሄደች። ይሄ ቤት፣ ሴራሚኩ፣ መስኮቱ፣ ሁለት ተከፋቹ በር፣ ሁሉም ከዚያ በየወሩ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ነው። ልጅቷን ያሳደጓት የአባቷ እህት ወይዘሮ ዋሪቱ ናቸው፤ እዚያ መሐል የተቀመጡት፣ ሙሽራይቱ አጠገብ። ጥሩ ሰው ናቸው አለች ሀጂራ፤ እኔ ብኖርም ከዚህ በላይ አላሳድጋትም ነበር። እሷ ከተመለሰች ገና ወራት ነው። የባሏ ዘመዶች ሲንቄውን የሚሰጡት ዋሪቱ እንዲሆኑ ተስማሙ። ሲንቄ አርሲ ውስጥ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሴቲቱ ዕድሜ ልኳን የምትይዛት ክብሯ ናት። ቤት የነበረው ይስጥ ተባለ። «አልተከራከርኩም» አለች ሀጂራ። «እኔ ልጄን በስልክ ነው ያሳደግኳት። ፎቶ ይልኩልኛል፣ ሌሊት እመቤቲቱ ስትተኛ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ስልኩ ወድቆ ተሰበረና የልጄ ስምንተኛ ክፍል አብሮ ጠፋ።»

ሙቢና ወንበራቸውን ወደ ሀጂራ አስጠጉ። ቀና ሲሉ ነቢላ ፊታቸው ቆማለች፤ ምን ያህሉን እንደሰማች አላወቁም። ሻንጣውን ተቀብላ ትልቁን ሌንስ ፈታች፣ ትንሿን ገጠመች፣ ፍላሹን ነቅላ ከሻንጣው ጋር ለሙቢና ሰጠቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ወደ ሴቶቹ መሐል ገባች።

ሙቢና ከዚያች ሰዓት በኋላ ያዩትን በኋላ ለራሳቸው ብዙ ጊዜ ደጋግመው ነግረውታል። መጀመሪያ ያዩት ነቢላ የምትሳሳት መሆኑን ነበር። ለሊሴን ስታነሣ በጣም ቀርባ የሙሽራ ዘውዷ ጫፍ ተቆረጠባት። ሌንሷ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን የምታሽ ይመስል ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ነቢላ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች፣ ስትይዝላት ደግሞ ሴትየዋ ፊቷን አዙራለች። አንዲት ወፍራም ሴት ትልቁ ሌንስሽ የት ሄደ፣ ተበላሸ እንዴ ብላ ሳቀችባት። ሙቢና አክመል ትክክል ነበር ሲሉ አሰቡ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ነቢላ መስኮቶቹን መከተል ጀመረች። ሙቢና ሻሽ ሲሸጡ ቀለሙን ለደንበኛ የሚያሳዩት በር ላይ አውጥተው ነውና ምን እያደረገች እንደሆነ ገባቸው፤ ሰዎቹን አታሳድድም፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትቆምና እስኪመጡላት ትጠብቃለች። ያቺ ቤት ውስጥ ቀስ የምትለዋ ልጅ እዚህ የምታባክነው እርምጃ አልነበራትም። ለማራቅ በሰው መሐል እንደ ውሃ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ለማቅረብ ጉልበቷን አጥፋ ከሚያጨበጭቡት እጆች ሥር ትገባለች። ብልጭታ ስለሌለ ፊቱን የሚሸፍን የለም። ትንሿን ነገር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም፤ ሴቶቹ ነቢላን እንደ አንዷ ዘመዳቸው ረሷት። ድቤው ጠነከረ፣ ሻሾች ተፈቱ፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ነቢላም እነሱ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ሙቢና ምራታቸው ስትስቅ ጥርሷን ያዩት በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ጭፈራው ረገብ ሲል የቤተሰቡ ፎቶ ተባለ። ለሊሴ ሶፋው ላይ፣ በቀኟ ዋሪቱ፣ በግራዋ የአባቷ ወገን አክስቶች፣ ከዚያ የአጎት ሚስቶች፣ ከዚያ የአጎት ልጆች፣ ግድግዳውን ተከትለው ተደረደሩ። ሀጂራን አንዷ ልጅ እጇን ይዛ አመጣቻትና በመጨረሻው ጫፍ፣ መጋረጃው ሥር አቆመቻት። ነቢላ ካሜራዋን አነሣች፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሌላም ሄደች፣ ጀርባዋ ከተቃራኒው ግድግዳ ጋር ተገናኘ። ክፍሉ አለቀ። ሙቢና ከአጠገቧ ነበሩና ከካሜራው ጀርባ ያለውን ትንሽ ስክሪን አዩት። ሁሉም ገብተዋል፤ ሀጂራ ብቻ ቀርታለች። ከእሷ የሚታየው አንድ ትከሻ ነበር።

«ካልገባች ግድ የለም፣ አንሺው» አለች ከአጎት ሚስቶች አንዷ።

ሙቢና ሻንጣውን ከፈቱ። ትልቁ ሌንስ ሰፋ ብሎ ሁሉንም እንደሚይዝ ጠዋት ግቢው ውስጥ አይተዋል፤ ፍላሹም እጃቸው ላይ አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ትልቁን ልስጥሽ አሏት። ነቢላ ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ትልቁን ገጥማ ሁሉንም በቆሙበት ብታነሣቸው ሀጂራ ፎቶው ውስጥ ትገባ ነበር፤ የምትገባው ግን መጋረጃው ሥር ነው። ሙቢና ይህን የተረዱት ቆይተው ነው።

ነቢላ ካሜራዋን አንገቷ ላይ ለቀቀችና ወደ ሴቶቹ ሄደች። ድምፅ የሌላት ልጅ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለች፣ በዚያ ሁሉ የዝናብ ጫጫታ ላይ ጎላ ብላ ተናገረች። ሌንሴ ጠባብ ናት፣ እንዲህ ተዘርግታችሁ አትይዛችሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መጠጋጋት ነው ያለብን አለች። ረጃጅሞቹን ከሶፋው ኋላ አቆመች። ወጣቶቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። የአክስቶቹን ጉልበት እየነካች እዚህ፣ እዚህ፣ ጠጋ በሉልኝ እናቶቼ ትላለች፤ እነሱም እየሳቁ እየተገፋፉ ይጠጋሉ። ከዚያ መጋረጃው ሥር ሄዳ የሀጂራን እጅ ያዘች። አጭር ስለሆነች ኋላ ብትቆም አትታይም ብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ አምጥታ ሶፋው ላይ በለሊሴ ግራ አስቀመጠቻት። ሶፋው ጠባብ ነበር። እናትና ልጅ ትከሻቸው ተጣበቀ።

የአጎት ሚስቲቱ ፊት ተቀያየረ። ይሄ እንዲህ ነው እንዴ የተባለው፣ ቦታው የማን እንደሆነ ይታወቃል ማለት ጀመረች። ነቢላ ጆሮዋ ቀላ፤ ሀጂራን ግን ከሶፋው አላስነሣቻትም። የሴቶቹ ሳቅ ቆመ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሙቢና በሰው ቤት የሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገቡ ሴት አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለደንበኛም ለጎረቤትም ልክ ነሽ ብለው ነው የኖሩት። ግን ትልቁን ሌንስ አቅፈው ቆመው ሳለ ድምፃቸው ራሱ ወጣ።

«ልጄ ሥራዋን ታውቃለች» አሉ። «ሠርጉን እናንተ ደግሱ፣ ፎቶውን ግን ለእሷ ተዉላት።»

ሽማግሌ የተናገረውን ማን ይመልሰዋል። የአጎት ሚስቲቱ ሻሿን አጠበቀች። ነቢላ ተመለሰች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አጣበቀች፣ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። አሁን ሁሉም ገቡ፤ ማንም አልቀረም። አንድ አነሣች፣ ደገመች። ሦስተኛውን ልታነሣ ስትል ወይዘሮ ዋሪቱ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የያዟትን ሲንቄ አነሡ። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ሲንቄው የሚሰጠው ሙሽራይቱ ልትወጣ ስትል ነው። ዋሪቱ በትሯን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው አሿት፣ በለሊሴ ጭን ላይ አሻግረው ለሀጂራ ዘረጉላት።

«እንኪ» አሉ። «እኔ ይዤልሽ ነበር። ስጫት።»

ሀጂራ ወዲያው አልተቀበለችም። እጇ መጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። ስትይዛት ዋሪቱም አልለቀቁም፤ ለሊሴም ስትቀበል ሦስት እጆች በአንድ ቀጭን በትር ላይ ሆኑ። ለሊሴ፣ ያቺ ቀኑን ሙሉ ተኳኩላና አጊጣ እንደ ሥዕል ተቀምጣ የነበረችው ልጅ፣ የተኳኳለችውን ኩል ረስታ ግንባሯን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተላት። ሙቢና ነቢላን ፈለጓት። ግድግዳው ጋ የለችም። ከሴቶቹ እግር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች፣ ከእነሱ የሚለያት አንድ ክንድ ነው፣ የመስኮቱ ብርሃን ከኋላዋ ይመጣል። እያነሣችም እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ ካሜራዋን የያዙት እጆቿ ግን አይንቀሳቀሱም።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከኢተያ እስከ አሰላ የኋላ ወንበር አገኙና ነቢላ ካሜራዋን ከፍታ ለአማቷ አሳየቻቸው። ሙቢና መነጽራቸውን አወጡ። ያዩት ሁሉ ጥሩ አልነበረም፤ ነቢላም አልደበቀችም። ይሄ ተበላሽቷል፣ ይሄ ደብዝዟል፣ እዚህ ጋ እጇን ቆርጬባታለሁ እያለች አሳለፈች። ካሜራዬ አሮጌ ናት፣ ትንሿ ሌንስ ጨለማ ላይ ትዘገይባታለች፣ እልፍኝ ሲጠብ ደግሞ መግቢያ ታሳጣኛለች አለች። ሰፊ ነገር ሲሆን ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣውን ተራውን ሌንስ እጠቀማለሁ፣ ለውጭ ይበቃል አለች። «ታዲያ ትስማማለች አትስማማም?» አሏት ሙቢና። «ትስማማኛለች» አለች ነቢላ። «ለካሜራው አይደለም፤ ለእኔ።» ከዚያ የሦስቱን እጆች ፎቶ አወጣችላቸው። ለሊሴ ግንባሯን የጣለችበትንም አወጣች። ሙቢና ብዙ ቆይተው አዩት። የሀጂራ ፊት ላይ እያንዳንዷ መስመር ትታያለች፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን በቀለም ብቻ የቀረ፣ ለስለስ ያለ ነገር ሆኗል፤ የቤቱ ጫጫታ ሁሉ ለሁለቱ ሲል ፈቀቅ ያለ ይመስላል። «ማሻአላህ» አሉ። ነቢላ ካሜራውን አጠፋችው። «አክመልን ምን ብዬ ላሳምነው? ፎቶዎቹን ላሳየው አልችልም፣ የሴቶች ናቸው። ማስረጃ የለኝም» አለች።

መናኸሪያው በር ላይ ኢርሻድ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። አክመልም ከአቦምሳ ገብቶ ሚኒባሱን አስጠግቶ ነበር፤ ሸሚዙ በአቧራ ቀልቷል። ሰላም ተባባሉ። ኢርሻድ ነቢላን ምን ወሰንሽ ሲላት ዓይኗ ወደ ባሏ ሄደ። አክመል ደግሞ እናቱን አየ። እንደ ጠዋቱ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣ ሳቁባት ወይ አላቸው።

«አንዷ ስቃለች» አሉ ሙቢና። «የቀረውን አልነግርህም፣ የሴቶች ቤት ነው። አንተ ግን ይቺ ልጅ ሥራ ላይ ስትሆን አይተሃት ታውቃለህ?»

«የት አያታለሁ?»

«እኔም ዛሬ ነው ያየኋት» አሉ። «ትንሿን ታስቀር። ትልቁን ስትይዝ ሰው ሌንሱን ነው የሚያየው። በትንሿ ግን ሰዉን የምታየው እሷ ናት።»

ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ በመናኸሪያው ቆርቆሮ ላይ የቀረች ሰዓት ነበር። ረዳቶቹ አዳማ፣ አዳማ እያሉ ይጮኻሉ። አክመል ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሚስቱን፣ «እስቲ እኔን አንሺኝ» አላት።

ነቢላ ካሜራዋን አወጣች። ከሚኒባሱ በር አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን የሚያገኘው ቦታ ላይ በእጇ አስቆመችው። ከዚያ ቀረበችው። አክመል ወደ ኋላ ሊል ፈለገና የመኪናው በር ያዘው። እንዲህ ቀርባ በሰው ፊት አይታው አታውቅም፤ እጁን የሚያኖርበት ጠፋው፣ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። ልሣቅ ወይ አላት። አያስፈልግም አለችው። ጠበቀች። ሙቢና ቀኑን ሙሉ ያዩት መጠበቅ ነበር፤ ልጃቸውም እየቆየ ትከሻው ወረደ፣ ግንባሩ ተፈታ፣ ዓይኑን ከሌንሷ አልፎ እሷን ማየት ጀመረ። ሙቢና ፊታቸውን ወደ በርበሬ ሻጮቹ አዞሩ፤ ማየት የማይገባቸውን ነገር ያዩ መሰላቸው። ካሜራው አንድ ጊዜ ብቻ ሲጮህ ሰሙ።

አክመል የካሜራውን ስክሪን ጎንበስ ብሎ አየ። 

«ይሄን ያህል ደክሞኛል እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ደክሞሃል» አለችው ነቢላ።

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሻንጣውን ከእናቱ ተቀብሎ ከፈተ፣ ትልቁን ሌንስ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ አቧራውን ጠረገና ለኢርሻድ በሁለት እጁ ሰጠው። ከዚያ ቀልሎ የቀረውን ሻንጣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከሚስቱ ጎን መንገድ ጀመረ። ሙቢና እግራቸው ሳይደክም፣ ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀረት አሉ።